ወንበርን ገልብጦ ማየት

ስለ አዳዲስ ወንበሮች የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ያተኩራሉ። የመደገፊያው ቅስት፣ የቀለሙ ድምቀት፣ የእግሮቹ ቅጥነት ይደነቃል፤ ከዚያም ዲዛይነሩ ከምን ተነሥቶ እንደ ሠራው አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይታከልና ጉዳዩ ይዘጋል። እኔ ግን አንድ ወንበር የእውነት አዲስ ነገር ይዞ መምጣቱን ማወቅ ስፈልግ ገልብጬ ነው የማየው። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የተገናኘው እንዴት ነው? መደገፊያው ምን ላይ ነው የቆመው? የተያያዘው በብሎን ነው፣ በኮላ ነው፣ በብየዳ ነው ወይስ ጨርሶ መጋጠሚያ የለውም? ከላይ የሚታየው ቅርጽ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከተሰጠው መልስ የተወለደ ሲሆን ወንበሩ ዕድሜ ይኖረዋል። ቅርጹ አስቀድሞ ተወስኖ መጋጠሚያው በኋላ ተፈልጎ ከሥር የተለጠፈ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ወንበር ከሌሎች የቤት ዕቃዎች የሚለይበት አንድ ችግር አለው። ጠረጴዛም ሆነ መደርደሪያ የሚሸከመው ጭነት በአብዛኛው ዝም ብሎ ወደ ታች የሚጫን ነው። ሰው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሲነሣ የእጅ መደገፊያውን ይጫናል፣ አንዳንዴም የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሥቶ በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ብቻ ይወዛወዛል። ጀርባችን መደገፊያውን ከመቀመጫው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይገፋዋል እንበል። የመቀመጫው ክፈፍ ከኋላው እግር ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በመጋጠሚያው ላይኛና ታችኛ ጫፍ የሚደርሰው መሳብና መግፋት ጀርባችን ከሰጠው ኃይል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። የእንጨት ወንበር ሲያረጅ መጀመሪያ የሚላላው ይህ ቦታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮላው ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ቀዳዳው ውስጥ የገባው እንጨት መጫወት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። ላለፉት 160 ዓመታት ያህል በወንበር ሥራ የታየው ታላላቅ ፈጠራ በአብዛኛው ይህችን ደካማ ቦታ ለማጠንከር፣ ለማለስለስ ወይም ጨርሶ ለማስቀረት የተደረገ ጥረት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል። በእንፋሎት ለስልሰው የተቀለሱ 6 የእንጨት ክፍሎች፣ 10 ቪቴዎችና 2 ዳዶዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የኋላ እግሮቹና መደገፊያው አንድ ወጥ እንጨት ናቸው፤ ስለዚህ ጀርባ ሲገፋ ኃይሉ በመጋጠሚያ ሳይቆረጥ እስከ መሬት ይወርዳል። ክፍሎቹ ተፈታተው 36 ወንበር በ1 ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባ ስለ ነበር ከአገር አገር መላክም ቀሎ ነበር። ዛሬ ተፈታቶ በጠፍጣፋ ካርቶን የሚመጣ ወንበር የምንገጣጥም ሰዎች በዚያ መንገድ ላይ ነው ያለነው።

ከሁሉ ይልቅ ቀርቤ ያየሁት መጋጠሚያ ግን ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1933 ለገበያ ያበቃው የሦስት እግሯ ዱካ፣ ማለትም የ60 ቁጥሯ እግር ነው። እግሩ በርች ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ወጥ እንጨት ነው። የላይኛው ጫፉ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ወደ ታች በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፤ በየስንጥቁ ውስጥ ኮላ የተቀባ ስስ የእንጨት ንጣፍ ይገባል፤ ከዚያ ጫፉ በሙሉ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍና ኮላው እስኪደርቅ ተይዞ ይቆያል። የደረቀው ጉልበት አይዘረጋም፣ ምክንያቱም በታጠፈው ክፍል ውስጥ ያሉት ንጣፎች እርስ በርሳቸው ተይዘዋል። አንድ ሰው ዱካውን ገልብጦ ጉልበቱን በጣቱ ቢዳስስ በጎኑ በኩል ስስ መስመሮች ጎን ለጎን ሲሮጡና ወደ ታች ሲወርዱ እየጠፉ ወደ ወጥ እንጨት ሲለወጡ ያያል። እግሩ ራሱ ታጥፎ የመቀመጫው ሥር ስለሚገባ እግርና እግርን የሚያያይዝ ክፈፍ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ እግር ክቧ መቀመጫ ላይ በቀጥታ በቪቴ ይታሰራል፣ አለቀ። አልቶ ከአናጺው ኦቶ ኮርሆነን ጋር ሆኖ ይህን ሲፈልግ የቆየው ብረትን በመጥላት ብቻ አይመስለኝም። በፓይሚዮ ለነበረው የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ወንበር ሲሠራ የብረት ቱቦ ለታማሚ ሰው ገላ ይቀዘቅዛል ብሎ በማሰቡ፣ እንጨት የብረት ቱቦን ያህል እንዲታጠፍ ማድረግ ነበረበት። ችግሩ የሰው ነበር፤ መልሱ ግን እንጨቱ ቃጫ ውስጥ ነው የተገኘው።

ቻርልስና ሬይ ኢምስ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በ1940 ቻርልስ ኢምስና ኤሮ ሳሪነን በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውድድር ላይ መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ ኮምፔንሳቶ የሆነ ወንበር አቅርበው አሸንፈው ነበር፤ ነገር ግን ኮምፔንሳቶ በአንድ አቅጣጫ እንጂ በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መታጠፍ ይቸግረዋል፣ እጥፋቱ ሲበረታ ይሰነጠቃል። በጦርነቱ ጊዜ ባልና ሚስቱ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሰበረ እግር ማሰሪያ ከኮምፔንሳቶ እየቀለሱ ሲያመርቱ የእንጨቱን ጠባይ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ በወጡት ወንበሮቻቸው መቀመጫውንና መደገፊያውን ለየብቻ ለያይተው ከሚያያይዛቸው ክፈፍ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ከጎማ የተሠሩ ክብ ማለስለሻዎችን አስገቡ። ጎማው ከእንጨቱ ጋር በኮላ ስለ ተያያዘ ከፊት በኩል የቪቴ ራስ አይታይም፤ ተቀማጩ ወደ ኋላ ሲለጠጥም መደገፊያው ትንሽ እሺ ይለዋል። ግትር የነበረውን መጋጠሚያ ለስላሳ ማድረግ ትልቅ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጎማ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ኮላውም ይለቃል፤ ከእነዚህ አሮጌ ወንበሮች ብዙዎቹ ወደ ጥገና የሚመጡት ከእንጨታቸው መሰበር ይልቅ በዚህች ጎማ መላቀቅ ነው።

ከእነርሱ ቀደም ብሎ ደግሞ የወንበሩን ሥጋ ራሱን ማለስለስ የፈለጉ ሰዎች የኋላ እግሮቹን አነሡ። ማርት ስታም በ1926 ከጋዝ ቱቦና ከማዕዘን ማያያዣዎች የሠራት የመጀመሪያ ሙከራ በፊት እግሮች ብቻ የቆመች ግን ግትር ወንበር ነበረች፤ ሚስ ቫን ደር ሮ በ1927 የፊተኛውን እግር ትልቅ ቅስት ሲያደርገው ነው ቱቦው እንደ ሞላ መሥራት የጀመረው። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል ዲዛይነሮች ያንኑ ነገር ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ ማውጣት ተመኙ። ቬርነር ፓንቶን በ1967 ተሳካለት፤ እግር፣ መቀመጫና መደገፊያ ሳይለያዩ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱበት ወንበር ወጣ። የዚህች ወንበር ውበት ብዙ ጊዜ ይወሳል፤ የደረሰባት ግን እምብዛም አይነገርም። ማምረቻውን ለማቃለል በ1971 ፕላስቲኩ ተቀየረ፣ አዲሱ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት እየተሰባበረ ሲያስቸግር በ1979 ምርቱ ቆመ፣ በ1990 በሌላ ፕላስቲክ እንደገና ተጀመረ፣ በ1999 ደግሞ ዛሬ በምናውቀው በፖሊፕሮፒሊን ወጣ። ቅርጹ በ1960ዎቹ ተጠናቀቀ፣ የሚስማማው ቁስ ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ይህን ስለማውቅ አንድ አዲስ ወንበር በአውደ ርእይ ላይ ሲታይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ኮንስታንቲን ግርቺች በ2007 ያሳየው ሚቶ የተባለው ወንበር ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ ሲመጣ ሥራው የተጀመረው ከቁሱ ነበር፤ ቢኤኤስኤፍ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በቀላሉ የሚፈስ፣ ከደረቀ በኋላ ግን ጠንካራ የሆነ ፕላስቲክ ነበረውና ዲዛይነሩ ያ ፕላስቲክ ምን መሸከም እንደሚችል እየጠየቀ ነው ወንፊት የመሰለውን መቀመጫ ያወጣው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚከነክነኝ ጉዳይ እመጣለሁ፤ እርሱም በየአገሩ፣ በየበረንዳው፣ በየስብሰባው ያለው፣ ዲዛይነሩ ማን እንደ ሆነ ማንም የማይጠይቅበት አንድ ወጥ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ በ1972 ያወጣውና ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንዱን ማምረት የተቻለበት ሥራ ከዋነኞቹ አባቶቹ አንዱ ነው። ሙዚየሞች ዘግይተው ነው ያስታወሱት፤ ንድፍ አዋቂ ነኝ የሚለውም ሰው ብዙ ጊዜ ይጸየፈዋል። እኔ ግን ከምሕንድስና አንፃር ከዚህ የተሻለ የታሰበበት መቀመጫ በጥቂቱ ነው ያየሁት። ገልብጣችሁ ተመልከቱት። የፕላስቲኩ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እግሩ ወጥ ዘንግ ሳይሆን የታጠፈ ስስ ግድግዳ ነው፣ ምክንያቱም የታጠፈ ስስ ነገር ጠፍጣፋ ከሆነው ብዙ እጥፍ ጉብጠትን ይቋቋማል፤ አንድ ወረቀት በመዳፍ ላይ ዝም ብሎ ሲዘረጋ ይንጠለጠላል፣ ትንሽ ሲቀስቱት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከመቀመጫው ሥር የሚሮጡት ቀጫጭን ጅማቶች፣ በጠርዙ ዙሪያ ወደ ታች የታጠፈው ከንፈር፣ ሁሉም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። መደገፊያው ላይ ያሉት ክፍተቶች ቁስ ይቆጥባሉ፣ አየር ያሳልፋሉ፤ መቀመጫው ላይ ያለችው ቀዳዳ የዝናብ ውኃ ታወርዳለች። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ ከደረቀ በኋላ ከብረት ቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የወንበሩ ገጽታዎች ሁሉ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለባቸው፤ ያው ማዘንበል ነው ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር ያስቻለው። ለፋብሪካው የታሰበው ነገር ለባለቤቱም ጠቅሟል።

ድክመቱ ግን ከባድ ነው። ወንበሩ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ፀሐይ ላይ ሲውል አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር የቁሱን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣቸዋል፤ መከላከያ በበቂ ካልተጨመረበት ገጹ ይነጣል፣ ሲነኩት ዱቄት ይመስላል፣ ከዚያም አንድ ቀን እግሩ መቀመጫውን በሚነካበት ቦታ ይሰነጠቃል። አንድ ወጥ በመሆኑ የሚለወጥ ክፍል የለውም፤ አንዱ እግር ሲሰበር ወንበሩ ሁሉ ሞተ። መጋጠሚያን ጨርሶ የማስቀረት ዋጋው ይህ ነው፣ ይህንንም ዋጋ የሚከፍለው አምራቹ ሳይሆን ወንበሩን የገዛው ሰውና የሚጣልበት መሬት ነው።

ይህንን ወንበር አክብረው ማሻሻል የሞከሩትን ዲዛይነሮች ከልቤ አመሰግናለሁ። ጃስፐር ሞሪሰን በ1999 ማጂስ ለተባለው የጣሊያን የቤት ዕቃ አምራች በሠራው ኤር ቼር የቀለጠው ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እንዳለ ጋዝ በግፊት ይገባበታል፤ ጋዙ መሐሉን ባዶ ስለሚያደርገው እግሮቹ ሲታዩ ወፍራም፣ ሲመዘኑ ግን ቀላል ይሆናሉ፣ ከሥር ያሉት ጅማቶች ብዙዎቹ አያስፈልጉም። ግርቺች ደግሞ በ2020 ቤል የተባለውን ወንበር አወጣ። ይህ ክብደቱ 2.7 ኪሎ ግራም ሲሆን ፕላስቲኩ ማጂስ ራሱ ከሚያመርታቸው የቤት ዕቃዎችና በአካባቢው ካለው የመኪና ኢንዱስትሪ ከተረፈ የተሰበሰበ ነው። ቅርጹ ወደ ውስጥ የተቀሰተ ቅርፊት የመሰለው ትንሽ ቁስ ብዙ እንዲሸከም ነው። ወንበሩ የሚጫንበት የመጓጓዣ መደላድል እንኳ ከወንበሩ ጋር አብሮ ነው የታሰበው። ግርቺች እርሱ ራሱ በ2004 ካወጣው ቼር ዋን ከተባለው፣ ከአሉሚኒየም ከፈሰሰውና እንደ እግር ኳስ ቆዳ በጠፍጣፋ ማዕዘኖች ከተገነባው ወንበር ጋር ሲነጻጸር ቤል ዓይን አይስብም። እኔ ግን ከሁለቱ ይበልጥ አዲስ የምለው ይህን ነው።

ስለ ቅለት ካነሣን ጂዮ ፖንቲን ማለፍ አይቻልም፤ በ1957 ካሲና ያወጣለት ሱፐርሌጄራ 1.7 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን የእንጨት ወንበር ሲሆን የእግሮቹ ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቅርጻቸውም ሦስት ማዕዘን ነው። አልቤርቶ ሜዳ በ1987 በካርቦን ፋይበር ወደ 1 ኪሎ ግራም አወረደው። ማርሴል ቫንደርስ በ1996 ከካርቦንና ከአራሚድ ቃጫ የተፈተለ ገመድ በእጅ ቋጥሮ፣ ኤፖክሲ በተባለ የሚጠነክር ሙጫ ነክሮ፣ እስኪደርቅ አንጠልጥሎ አንድ ወንበር ሠራ፤ ጃፓናዊው ቶኩጂን ዮሺኦካ ደግሞ በ2001 120 ስስ ወረቀቶችን አጣብቆ እንደ ማር እንጀራ ሲዘረጉ የሚቆም መቀመጫ አሳየ። እነዚህ ሥራዎች ቁስ ምን ያህል ሊቀንስ እንደሚችል አስተምረዋል፤ ለዕለት ተዕለት መቀመጫ ግን የተሰጠን ብዙ ነገር የለም።

ኮምፒውተር ወንበር ሲነድፍ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አሁን በየቦታው ይነሣል። ኔዘርላንዳዊው ዮሪስ ላርማን በ2006 ያሳየው የአጥንት ወንበር በጉዳዩ ላይ እስካሁን ከታየው የተሻለ መልስ ይመስለኛል። ክላውስ ማቴክ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ዛፍና አጥንት ጭነት በሚበዛበት ቦታ እንዴት እንደሚወፍሩ፣ አጥንት ጭነት በማይደርስበት ቦታ እንዴት እንደሚሳሳ ያጠናውን ወደ ሒሳብ ለውጦት ነበር፤ ኦፔል የመኪና ክፍሎችን ለማቅለል ይጠቀምበት በነበረው በዚሁ ስሌት ላርማን ወንበር አወጣበት። ወንበሩ የተሠራው በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ እግሮቹ እንደ ሥር ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ መጋጠሚያና እግር የሚባል ልዩነት የለም፣ ጭነቱ የሚሄድበት መንገድ ራሱ ነው ቅርጽ የሆነው። በ2019 ዲዛይነሩ ፊሊፕ ስታርክ ከሶፍትዌር ኩባንያው ከአውቶዴስክና ከቤት ዕቃ አምራቹ ከካርቴል ጋር ሆኖ ኤ.አይ. የተባለ ወንበር አወጣ፤ ሶፍትዌሩ በተሰጠው ገደብ ውስጥ አማራጮችን ያቀርባል፣ ሰዎቹ ያርማሉ፣ እንደገና ያቀርባል። ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ፕላስቲኩም እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ነው፣ ግን ገልብጬ ሳየው ያላየሁት ነገር አላገኘሁበትም። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ ሳይሆን የተሰጠው ጥያቄ ይመስለኛል። በታወቀው ቅርጽ ማውጫ የሚወጣ፣ የሚደረደር፣ አራት እግር ያለው ወንበር ውለድ ተባለ፤ እርሱም ያንኑ ወለደ። የላርማን ስሌት ግን የተጠየቀው ስለ ጭነቱ ብቻ ነበር።

ሌላው ኔዘርላንዳዊ ዲርክ ቫንደር ኮይ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ማምረቻውን ቀየረ። ከፋብሪካ ሥራ የተገለለ የሮቦት ክንድ አግኝቶ የአሮጌ ማቀዝቀዣዎችን ፕላስቲክ እያቀለጠ በወፍራም ገመድ መልክ እንዲያፈስ አደረገው፤ ክንዱ ሳያቋርጥ ድርብርብ እያደረገ ወንበሩን ይገነባዋል። ገመዱ በወንበሩ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ማለፊያውም በእጅ ይዳሰሳል። ቅርጽ ማውጫ እጅግ ውድ ስለሆነ በርካታ ሺህ አንድ ዓይነት ወንበር ካልተሸጠ ወጪው አይመለስም፤ እዚህ ግን ቅርጽ ማውጫ የለም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ወንበር ከመጀመሪያው በቁመቱ ሊለይ ይችላል። የሰው ቁመት እንደሚለያይ እናውቃለን፣ ወንበር ግን እስካሁን በአብዛኛው ለአማካይ ሰው ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ነው ይህን መንገድ በጉጉት የምከታተለው።

የሰው አካል ራሱ በወንበር ንድፍ ውስጥ ቦታ ያገኘው ግን በቢሮ ወንበር በኩል ነው። ቢል ስተምፍና ዶን ቻድዊክ ሄርማን ሚለር ለተባለው የአሜሪካ የቤት ዕቃ አምራች በ1994 ያወጡት ኤሮን ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የተለየ ነበር። ሥራው የተነሣው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ለሚውሉ አረጋውያን ስለሚሆን ወንበር ካደረጉት ጥናት ነው፤ ስፖንጅ ሙቀትና ላብ ይይዛል፣ ክብደትንም በጥቂት ቦታዎች ላይ ያከማቻል። ስለዚህ ስፖንጁን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በክፈፍ ላይ የተወጠረ መረብ አደረጉ፤ መረቡ ተቀማጩ በተጫነበት ልክ ይወርዳል፣ አየርም ያሳልፋል። ወንበሩን ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ አድርገው በሦስት መጠን ማውጣታቸው ደግሞ ከመረቡ ያልተናነሰ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ብዙዎቹ አስቀያሚ ነው አሉት፤ ዛሬ ግን ባለ መረብ የቢሮ ወንበር በየቦታው ይታያል። ያም ሆኖ ኤሮንንና እርሱን የተከተሉትን የምወቅስባቸው አንድ ነገር አለ፤ ከመቀመጫው ሥር የተደረደሩት መዞሪያዎችና ማንሻዎች ብዙ ናቸው፣ አብዛኛው ሰው የመቀመጫውን ቁመት ከሚያስተካክለው በቀር አንዱንም አይነካም። ኒልስ ዲፍሪየንት በ1999 በፍሪደም ወንበሩ ይህን ችግር በሚያምር መንገድ ፈታው። ተቀማጩ ወደ ኋላ ሲለጠጥ መቀመጫው ራሱን ተቀማጩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መደገፊያውን የሚቃወመው ኃይል የተቀማጩ የገዛ ክብደት ነው። ከባድ ሰው ጠንከር ያለ፣ ቀላል ሰው ለስለስ ያለ መደገፊያ ያገኛል፣ ማንም ሰው ምንም ነገር ሳያዞር።

ኖርዌያዊው ፒተር ኦፕስቪክ ግን ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ጥያቄ ነበር የጠየቀው፤ ሰው ለምን በአንድ ሁኔታ ብቻ እንዲቀመጥ እንፈልጋለን? በ1972 ያወጣው ትሪፕ ትራፕ የሕፃን ወንበር መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው በሁለቱ የጎን እንጨቶች ላይ ካሉት ጎድጎዶች በአንዱ ይገባል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ከታላላቆቹ እኩል ማዕድ ላይ እየተቀመጠ እግሩ አየር ላይ አይንጠለጠልም። የእግር ማሳረፊያው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እግሩ የሚቆምበት ያጣ ልጅ ነው በመቀመጫው ላይ ሲንሸራተትና ሲቁነጠነጥ የምናየው። በ1979 ያወጣው ቫሪያብል ባላንስ ደግሞ መደገፊያ የለውም፤ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የሰውነት ክብደት ከፊሉ በቅልጥም ላይ ያርፋል፣ ከሥሩ ያሉት ቅስት እንጨቶች ተቀማጩ ባሰበ ቁጥር ያወዛውዙታል። ተቀምጬበታለሁ፤ ጀርባ ሳያስበው ቀጥ ይላል፣ አካልም ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፣ ቅልጥሜ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላ ወንበር ፈለገ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥርበትም፤ መቀያየር ራሱ የኦፕስቪክ ሐሳብ ነው። ቶማስ ሄዘርዊክ በ2010 ያወጣው እንደ እንዝርት የሚዞረው ስፐንም በዚህ ወገን ነው የሚመደበው፤ የተቀመጠበት ሰው ሙሉ ክብ እስኪዞር ድረስ ያዘነብላል፣ ግን አይወድቅም። ሰዎች ሲስቁበት አይቻለሁ፣ መቀመጫ ላይ መሳቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

የአሁኑ ዘመን ዋና ፈተና ወንበሩ ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነው። ኢሜኮ የተባለው አምራች በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሠራውን የአሉሚኒየም ወንበር በ2010 ቢያንስ ከ111 የፕላስቲክ ጠርሙሶች አድርጎ አወጣው። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ጥንካሬ ለማግኘት ፕላስቲኩ ከመስታወት ቃጫ ጋር ተደባልቋል፣ የተደባለቀ ነገር ደግሞ እንደገና ሲቀልጥ ቃጫው እያጠረ ጥራቱ ይወርዳል። ዋናው አሉሚኒየም ወንበር ግን ቢያረጅ እንኳ ያለ ችግር ይቀልጣል፤ የድሮው ከአዲሱ በዚህ ይበልጣል ብል እውነት ነው። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ አይኪያ በ2017 ያወጣው ኦድጀር የተባለው ወንበር ከፕላስቲክና ከእንጨት ብናኝ ድብልቅ የተሠራ ሲሆን ቅርፊቱ ከእግሩ ጋር ያለ ብሎንና ያለ መፍቻ በመግፋት ብቻ ይገጣጠማል፤ መጋጠሚያው ከጊዜ ብዛት እንዳይላላ ነው የምፈራለት እንጂ ሐሳቡን እወደዋለሁ።

ትልቁ ችግር ያለው ለስላሳ መቀመጫዎች ላይ ነው። ሶፋ ስንለው እንጨት፣ ብረት፣ ስፖንጅና ጨርቅ በኮላና በስቴፕል ተያይዘው የማይለያዩ ሆነው የተሠሩበት ነገር ማለት ነው፤ ጨርቁ ሲቀደድ ወይም ስፖንጁ ሲሰምጥ የቀረውም አብሮ ይጣላል። ስቴፋን ዲዝ ለማጂስ በ2021 ያወጣው ኮስቱም የተባለው ሶፋ ይህንን ነው ከሥሩ የነቀለው። አካሉ እንደገና ጥቅም ላይ ከዋለ ፖሊኤቲሊን የተሠራ ባዶ ቅርፊት ነው፤ መቀመጫው በሞላዎች የሚለሰልስ ሲሆን በላያቸው ስስ ስፖንጅ አለ፤ ጨርቁ በቅርፊቱ ላይ በሚለጠጡ ማያያዣዎች ስለሚያዝ ባለቤቱ ራሱ አውልቆ ያጥበዋል ወይም ይለውጠዋል። ክፍሎቹ እየተያያዙ ሶፋው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጨርቁ ሲወልቅ እያንዳንዱ ነገር ከሌላው ተለይቶ ይታያል፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድም ግልጽ ነው፤ ያልተፈታው ያቺ የቀረችው ስስ ስፖንጅ ናት፣ እርሷንም የሚተካ፣ ሳይሰምጥ ዓመታት የሚቆይና ተመልሶ የሚቀልጥ ነገር የሚያመጣ ሰው ሥራውን ገና አልጀመረውም ወይም ገና አላሳየንም።